የአያቴን ሲንጀር ቀለም ልቀባት? እና ሌሎች የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢዎች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንደምን ነዎት? የምጽፈው ከደሴ ሆጤ አካባቢ ነው። አያቴ ካረፈች በኋላ ጓዳ ውስጥ ጆንያ ተጥሎባት የኖረች ሲንጀር የስፌት መኪና አገኘን፣ በእግር የምትረገጠዋ፣ ጥቁር ሆና ወርቃማ ጽሁፍ ያላት፣ ግን መዘውሯ ድርቅ ብሎ አልዞር አለ። የአክስቴ ልጅ ጋራዥ ስለሚሰራ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ እንደ ባጃጅ ቀለም ልንፋት አዲስ ትሆናለች ይላል፣ እናቴ ደሞ ለቆራሌው ሽጠን እንገላገል ትላለች። እኔ የምፈልገው ግን እንድትሰፋልኝ ነው፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ አያትሽን ነፍስ ይማር። እናትሽንም የአክስትሽን ልጅም ለጊዜው ታገሱኝ በያቸው፣ ቆራሌው የሚመዝነው በኪሎ ነው፣ ለሱ ያቺ መኪና ብረት ናት በቃ። ደርቃለች ያልሽው ነገር ደሞ እኔን ብዙም አያስደነግጠኝም፣ ምክንያቱም እንደዚ አይነት ሲንጀር ስትደርቅ አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም፣ ውስጧ ያለው አሮጌ ዘይት ነው ከአቧራና ከጭስ ጋር ተለውሶ ሙጫ የሆነው። በተለይ አንዳንድ ቤት የስፌት ዘይት ሲያልቅ የኑግ ዘይት ጠብ ያደርጉባታል፣ የኑግ ዘይት ደሞ አየር ሲያገኘው እየቆየ ይደርቃል ይጣበቃል፣ በላዩ ላይ የደሴ ጭጋግና ብርድ ሲጨመርበት አስቢው።

መጀመሪያ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ገልብጠሽ ሆዷን እዪ፣ የታችኛው ክር የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የተጠመጠመ ክር ካለ በመርፌና በወረንጦ ልቀሚው፣ አንዳንዴ ጠቅላላ ችግሩ እሱ ብቻ ይሆናል። ከዛ ላምባ (ነጭ ጋዝ የምንለውን) በስሪንጅ እየወሰድሽ ከላይ ባሉት የዘይት ቀዳዳዎች ሁሉና ብረት ከብረት ጋር በሚፋተግበት ቦታ ሁሉ ጠብ ጠብ አድርጊ፣ ቀለሙ ላይ የፈሰሰውን ወዲያው ጥረጊው። ይሄን ደጅ ላይ ስሪው እንጂ ከሰል ምድጃ ያለበት ክፍል ውስጥ እንዳታደርጊው አደራ። ፀሀይ ካለ ቀድመሽ ፀሀይ ላይ አሙቂያት፣ የደረቀ ዘይት ሙቀት ይወዳል። ከዛ ተያት፣ እስከ ማግስቱ ተያት። በነጋታው መዘውሩን ትንሽ ወደ ፊት ትንሽ ወደ ኋላ እያልሽ ወዝውዢው፣ እንቢ ካለ ድገሚ ጨምሪ ቆዪ፣ በመዶሻ መምታትና በፒንሳ መጠምዘዝ ግን የለም፣ ጭንቅላቷ ካስት አይረን ስለሆነ አይታጠፍም ይሰነጠቃል እንጂ። መላቀቅ ስትጀምር ላምባውን ጠርገሽ ትክክለኛውን የስፌት መኪና ዘይት ስጫት፣ ላምባ ያጸዳል እንጂ አያለሰልስም፣ እንደዛው ከተውሻት ብረቱ እርስ በርሱ ይበላላል። ሱቅ ስትሄጂ ለልብስ ስፌት የሚሆነውን ቀጭኑን፣ ውሃ የመሰለውን በይ፣ የሞተር ዘይት እንዳይሰጡሽ።

መዘውሩ ዞሮ መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ደሞ አትደንግጪ፣ መሀሉ ላይ ያለውን ክብ ብሎን አጥብቂው፣ የታችኛውን ክር ሲጠቀልሉ የሚያላሉት እሱ ነው። ተጠብቆም ካልያዘ ውስጡ ያለችው ባለጥርስ ቀለበት ተገልብጣ ይሆናል፣ አውጥተሽ ግማሽ ዙር አዙረሽ መልሻት።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ያ ወርቃማ ጽሁፍና ሀረግ ቀለም ላይ ተለጥፎ በቫርኒሽ የተሸፈነ ስስ ነገር ነው፣ ብርጭቆ ወረቀት አንዴ ካለፈበት አለቀ፣ ቲነርም ያነሳዋል፣ አልኮልም ቫርኒሹን ያሟሟዋል። የሚነፋው ቀለም ደሞ ዘይት መሄጃ ቀዳዳዎችን ይደፍናል፣ የሚንሸራተተው ብረት ላይ ይደርቃል፣ ከዛ እንደገና ደረቀች ትሉኛላችሁ። ጥጥ ላይ የስፌት ዘይት አድርገሽ በቀስታ እየዞርሽ ጥረጊያት፣ መጀመሪያ ከኋላ በማይታይ ቦታ ሞክሪ፣ ጥጡ ቡናማ እየሆነ ወርቁ ብቅ ሲል ታያለሽ። አያትሽ እጃቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ላይ ወርቁ ተፍቆ ከሆነ ተይው እንደዛው ይሁን፣ የሳቸው እጅ ነው የፋቀው፣ እኔ ብሆን አልነካውም። የአክስትሽ ልጅ የግድ መርዳት ከፈለገ የብረት እግሮቹን ዝገት ይጥረግልሽ፣ ፔዳሉን ዘይት ያጠጣልሽ፣ የቆዳ ቺንጋውን ይቀይርልሽ፣ እሱ በቂ ስራ ነው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ በኤሌክትሪክ መኪና ስሰፋ እውላለሁ ግን የድሮዎቹን መኪኖች ማየት ደስ ይለኛል፣ አንድ ገዝቼ በእረፍቴ ልጠግን አሰብኩ። የት ላግኝ፣ ስገዛስ ምን ልይ?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ፣ አንተማ ከብዙ ሰው ትቀድማለህ፣ ስፌት ሲበላሽ ድምጹን ትለያለህ። ከቆራሌዎቹ ጋር ተዋወቅ፣ ስልክህን ስጣቸው፣ ሚዛን ላይ ከመውጣቷ በፊት እንዲደውሉልህ። በረንዳ ላይ የሚሰፉ አሮጌ ልብስ ሰፊዎችንም ጠይቅ፣ የማን ቤት ምን እንዳለ እነሱ ናቸው የሚያውቁት፣ ጥግ ላይ ለመለዋወጫ ያስቀመጡት የመኪና ራስም አይጠፋም። ሰኞ ባቲ ገበያ የምትወርድ ከሆነ ዓይንህን ጣል አድርግ።

ስትገዛ ዝገትና አቧራ አያስፈራህ፣ የሚያስፈራው ስንጥቅና የጎደለ ዕቃ ነው። የታችኛውን ክር ቤት ክፈት። ክብ ቦቢን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት) ከነቤቱ በግራ በኩል ከጎን የሚገባ ከሆነ የሲንጀር 15 ዓይነት ናት፣ ዓይንህን ሳታሽ ግዛ፣ ምክንያቱም የቻይናዋ በተርፍላይ የተሰራችው በሷ አምሳል ስለሆነ ቦቢኑም ቤቱም መርፌውም ይሆናታል፣ በተርፍላይ ደሞ የሌለበት ሰፈር የለም። ከላይ ተንሸራታች ክዳን ከፍተህ ክብ ቦቢን የምታስገባባት አብዛኛውን ጊዜ 66 ናት፣ ጥሩ መኪና ናት ግን የሷ ቦቢን ሌላ ነው፣ የ15ን አታስገባባት። ቀጭን ረጅም ቦቢን፣ ጥይት በሚመስል ነገር ውስጥ የሚገባ ከሆነ 27 ወይ 28 ወይ 127 ወይ 128 ናት፣ እነዚህ በጣም ያምራሉ፣ ግን ያ ጥይት የሚመስለው ሻትል ከሌለ አትግዛት፣ እዚህ ማግኘት ከባድ ነው።

ዕድሜዋን ለማወቅ በቀኝ በኩል መደገፊያው ስር የተመታውን ቁጥር አጽዳና አንብብ። ከቁጥሩ በፊት ፊደል ከሌለ ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የተሰራች ናት። "ዋይ" የምትለዋ የላቲን ፊደል ካለች በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ "ኢ" (E) ሆኖ ሌላ ፊደል ከተከተለው ከ1935 ወዲህ፣ ሁለቱም ስኮትላንድ ክላይድባንክ ውስጥ ከነበረው ፋብሪካ የወጡ ናቸው። ያ ፋብሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፣ መኪኖቹ ግን ይኸው ዛሬም በረንዳ ላይ እየሰፉ ነው።

ጥያቄ፦ ከደሴ ሸዋ በር ነው። ሳውዲ ያለው ወንድሜ ደውሎ የድሮ ሲንጀር ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ አለ፣ በሚሊዮን ይሸጣል፣ የእናታችንን እንዳታስነካ አለኝ። አንድ ደላላም መጥቶ ሞባይል መርፌው ጋ አስጠግቶ ሞክሯታል። እውነት ነው?

መልስ፦ ውሸት ነው። በ2001 ዓ.ም ሳውዲ ውስጥ ልክ ይሄው ወሬ ተነስቶ ህዝቡ ገበያ ወጥቶ አሮጌ ሲንጀር ተሻማ፣ እስከ 200 ሺህ ሪያል ድረስ እንደተጠየቀባቸው በወቅቱ በዜና ወጥቷል፣ ፖሊስም ወሬውን ማን እንዳስነሳው ማጣራት ጀምሮ ነበር። ያኔም የሚባለው ይሄው ነበር፣ ሞባይል መርፌው ጋ አስጠጋ፣ መስመሩ ከተቋረጠ አለ ማለት ነው ይሉ ነበር። ቀይ ሜርኩሪ የሚባለው ነገር ራሱ መኖሩ ተረጋግጦ አያውቅም፣ ሲንጀር ውስጥ ደሞ ያለው ብረትና ዘይት ነው፣ ስንቱን ራስ ፈትቶ ማየት ይቻላል። ደላላው ገዢ አለኝ፣ መጀመሪያ ግን ለምርመራ ምናምን ትንሽ ብር ካለህ ከበር መልሰው። የሚያሳዝነኝ ግን ሌላም አለ፣ ይሄን ወሬ ሰምተው ሜርኩሪ እንፈልግ ብለው ደህና መኪና የሚሰባብሩ አሉ። ወንድምህ እንዳታስነካ ያለው ለሌላ ምክንያት ቢሆንም ትክክል ነው፣ የእናታችሁን መኪና አታስነካ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ። ዘይት ሰጠኋት፣ ትዞራለች፣ ግን ስፌት ትዘላለች፣ ክርም ትበጥሳለች። ልብስ ሰፊው ማሽኑ አልቆበታል አለኝ።

መልስ፦ ተስፋ ሳትቆርጪ በፊት መርፌውን ቀይሪ። የመርፌው ጠፍጣፋ ጎን ሁሌም ወደ ክር ያዡ መንጠቆ ይዞራል፣ ክሩ ደሞ በተቃራኒው፣ ረጅሙ ቦይ ባለበት ጎን ነው የሚገባው። በ15 ላይ ጠፍጣፋው ወደ ግራ ነው፣ ክር ከቀኝ ወደ ግራ፤ በ66 ላይ ግልባጩ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መርፌው እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ገብቶ ይጠበቅ። ለተራ ጥጥ 14 ቁጥር፣ ለጋቢ ጠርዝና ለጂንስ 16፣ ለሽፎን 11 አድርጊ። ከዛ የላይኛውን ክር ማጥበቂያ ሁለቱን ሳህኖች መሀል በጨርቅ ጫፍ አጽጂ፣ እዛ ውስጥ የድሮ ክር ብናኝ ከተቀረቀረ የፈለግሽውን ያህል ብታጠብቂ አይይዝም። ስፌት ስትጀምሪም ሁለቱንም ክሮች ወደ ኋላ ይዘሽ መዘውሩን ወደ ራስሽ አዙሪ።