ርካሽ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ከተማዋ በምን እንደምትኖር ጠይቁ

አንድ የማውቀው ልጅ ማታ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ካንሳስ ውስጥ ባለ ሦስት መኝታ ቤት በ22 ሺህ ዶላር አገኘሁ! ግቢው ብቻ ኳስ ያጫውታል» አለኝ። ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ለአንዲት ጠባብ አፓርታማ በየወሩ ስንት እንደሚገፈግፍ ስለማውቅ ደስታው ገባኝ። ግን ከዴንቨር ካንሳስ ሲቲ በአይ-70 አውራ ጎዳና ትራክ ስነዳ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ያንን ሜዳ በጎማዬ ለክቼዋለሁ። «ሳታየው ሰባራ ሳንቲም እንዳትልክ» አልኩትና ቅዳሜ አብረን ወረድን።

የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የሚኖሩባት ሰዎች አሉ፣ ደጎችም ናቸው። ከአውራ ጎዳናው ወጥተን ብዙ ከነዳን በኋላ መጀመሪያ የታየን ትልቁ የእህል ጎተራ ነው። እዚያ አገር ከተማ መድረሳችሁን የምታውቁት በጎተራው ነው። ዋናው መንገድ እንደ አደባባይ ሰፊ ነው፣ የቆሙት መኪኖች ግን ሦስት ብቻ። የባንኩ ሕንፃ በቢጫ ድንጋይ የተሠራ፣ ያማረ ነው። በመስኮቱ ስናይ ውስጡ ርግብ ሰፍሮበታል።

ቤቱ ውስጥ ገባን። የሳሎኑ ወለል መሃሉ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። የኩሽናው ኮርኒስ ላይ ዝናብ የሣለው ቡናማ ካርታ አለ። ማጠቢያው ሥር ጎንበስ ብዬ በስልኬ መብራት ሳይ፣ ውሃው ቱቦው ውስጥ በረዶ ሆኖ ብረቱን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆታል።

«ይታደሳል» አለ ልጁ።

ቤቱማ ይታደሳል። ግሮሰሪው የት ነው? 35 ማይል። ትምህርት ቤቱ? ከተዘጋ ቆይቷል፤ ልጆቹ በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። ሚስቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የት እንደሚወለድ ነዳጅ ማደያዋ ያለችውን ሴትዮ ጠየቅናት። «ሄይስ» አለችን። ከአንድ ሰዓት በላይ መንገድ ነው፣ ያውም በረዶ ከሌለ። ልጁ ዝም አለ። እኔ ሁለት ቡና ገዛሁ። ቡና ካሉት።

አሁን ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በየቀኑ ስልካችሁ ላይ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ እነዚህ ከተሞች ለምን እንደተሠሩና ለምን ባዶ እንደቀሩ ትንሽ ላውጋችሁ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ርካሽነቱን እንደ ዕድል ያየዋል።

የአሜሪካ መንግሥት በ1862 የሆምስቴድ ሕግ አወጣ። አምስት ዓመት ኖሮ ላረሰ ሰው 160 ኤከር መሬት ሰጠ። በእኛ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። የባቡር ኩባንያዎቹም በሐዲዱ ግራና ቀኝ ከመንግሥት መሬት ተሰጥቷቸው ስለነበር፣ ያንን ለመሸጥ ሰው መጥራት ነበረባቸው። ገበሬ እህሉን በፈረስ ጋሪ አድርሶ በዚያው ቀን ቤቱ መግባት አለበት። ስለዚህ በየ10 እና 15 ኪሎ ሜትሩ ጣቢያ፣ በየጣቢያው ጎተራ፣ በየጎተራው ሥር ከተማ በቀለ። ልብ በሉ፤ የከተሞቹን ርቀት የወሰነው የፈረስ ጉልበት ነው። መኪና ሲመጣ ገበሬው 50 ኪሎ ሜትር ሄዶ መገበያየት ቻለ። ያን ጊዜ ከአምስት ከተማ አራቱ ትርፍ ሆኑ። ትራክተርና ኮምባይነር ደግሞ ሃያ ሰው የሚሠራውን ለአንድ ሰው ሰጡት። በ1930ዎቹ ድርቁና የአቧራው ማዕበል መጣ፣ የቀረውን ጠራረገው።

ከዚያች ከተማ ስንመለስ መንገዳችን ባይሆንም ሆን ብዬ ልጁን ኒቆዲሞስ ወደምትባል የካንሳስ ከተማ ወሰድኩት። ስሙን ስትሰሙ የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ ትዝ ይላችኋል። የከተማዋ ሰዎች ግን ስሙን የሚያያይዙት ነፃነቱን በገንዘቡ ገዛ ከሚባል በባርነት የኖረ ሰው ጋር ነው። ከተማዋን በ1877 የቆረቆሯት ከኬንታኪ የመጡ ጥቁሮች ናቸው። ባርነት ከቀረ ገና 12 ዓመቱ ነበር። በራሪ ወረቀት ተበተነላቸው፤ የተስፋ ምድር፣ ለም መሬት ተባለ። የዛሬው ቲክቶክ ማለት ነው። 300 ያህል ሰዎች ኤሊስ ድረስ በባቡር መጡ፣ ከዚያ የቀረውን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግርና በጋሪ ጨረሱት። ሲደርሱ ቤት የለም፣ እንጨት የሚባል የለም። መሬት ቆፍረው ገቡ።

ዊሊያና ሂክማን የምትባል ሴት በማግስቱ ዓመት ደረሰች። ሰዎቹ «ያቻትና ኒቆዲሞስ!» ብለው ሲጮኹ ብታይ ብታይ ምንም የለም። «የታለች?» ብትል ባሏ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጭስ አሳያት። ሰው የሚኖረው ከጭሱ ሥር ነው። አለቀሰች። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር በጥር ብርድ ስስ ጃኬት ለብሼ ዴንቨር የወረድኩበት ሌሊት ይመጣብኛል። በመጀመሪያው ክረምት ከአደን ሲመለሱ ያለፉ የኦሴጅ ነገድ ሰዎች ምግብ ባይሰጧቸው ብዙው ባለቀ።

ግን ቆሙ። በ1880ዎቹ አጋማሽ ሁለት ጋዜጣ፣ ሆቴል፣ ባንክ፣ ሱቆችና የቤዝቦል ቡድን ነበራቸው። እዚያው የኖረው ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ግዛት ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ። በዚያን ዘመን ጥቁር ሰው ለግዛት ሥልጣን ሲመረጥ ትንሽ ነገር አይደለም። የቀራቸው ባቡር ብቻ ነበር። በ1887 ሐዲዱ በከተማቸው እንዲያልፍ የ16 ሺህ ዶላር ቦንድ በድምፅ አጸደቁ። በዓመቱ ባቡሩ ከሰሎሞን ወንዝ ወዲያ ማዶ አለፈ። እዚያ ማዶ ቦግ የምትባል ከተማ ተፈጠረች። ርቀቷ ስድስት ማይል ያህል ነው። ነጋዴው ዕቃውን ጠቅልሎ፣ አንዳንዱም የሱቁን ሕንፃ ሳይቀር ጎትቶ ተሻገረ። የኒቆዲሞስ ሰው አልሰነፈም፣ እርስ በርስ አልተባላም። ከተማዋን የገደለቻት ያቺ ስድስት ማይል ብቻ ናት።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ጡረታ የወጣው ከምድር ባቡር ነው። የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደ በ1902 ባቡሩ ታች ሜዳው ላይ ቀረ፣ ድሬም ተወለደች። እኛ እንግዲህ የቦግ ወገን ነን ማለት ነው። ሐረር ግን አልሞተችም። ባቡር ከመታሰቡ በፊት የራሷ ንግድና የራሷ ሃይማኖታዊ ክብር ነበራት። ኒቆዲሞስ ግን አሥር ዓመቷ ነበር። ደግሞ አሮጌው ባቡር ሲቆም የለገሃር ሰፈር እንዴት ጭር እንዳለ አይቻለሁ። ቦግም ዛሬ 200 ሰው አይሞላትም። ያሸነፈችውም እንዲህ ናት።

ስለዚህ ምክሬ ይኸውላችሁ። የቤቱን ፎቶ ከማየታችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን እዩ። ስንት ልጅ አለው? ከጎረቤት ከተማ ጋር ሊቀላቀል ነው? ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወጣት ቤተሰብ አይመጣም። ኒቆዲሞስ የመጨረሻ ትምህርት ቤቷን የዘጋችው በ1960 ነው፤ በ2020 ቆጠራ የተገኘባት 14 ሰው ነው። ቀጥላችሁ ትልቁን ቀጣሪ ጠይቁ። አንድ ብቻ ከሆነ፣ እሱ ያስነጠሰ ቀን ከተማው ሁሉ ጉንፋን ይይዘዋል።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ረጋ በሉ። በ20 ሺህ ዶላር ቤት ላይ ሞርጌጅ (የቤት መግዣ ብድር) የሚሰጥ ባንክ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፣ ስለዚህ ካሽ ትከፍላላችሁ። እሺ፣ እናንተ ስትሸጡስ? ገዢውም ካሽ ያለው መሆን አለበት። ያልተከፈለ የንብረት ግብርና ሌላ ዕዳ ቤቱ ላይ መኖሩን ካውንቲው (ወረዳው) ቢሮ ሄዳችሁ አጣሩ፤ የባለቤትነት ሰነዱን በሚያጣራ በታይትል ኩባንያ በኩል ካልሆነ አትፈርሙ። ባዶ የቆየ ቤት ኢንሹራንሱ ውድ ነው። የፈረሰውን ማስነሳትም ከቤቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ሁሉም ወጥመድ ነው አላልኩም። ካንሳስ ከ2011 ጀምሮ ሰው እየለቀቀባቸው ወዳሉ ካውንቲዎች ለሚገባ ሰው የትምህርት ብድሩን ሲከፍልለት ቆይቷል፤ በተሳታፊ ካውንቲዎች በአምስት ዓመት እስከ 15 ሺህ ዶላር። ነርስ የሆናችሁ እህቶች፣ ይህን በቁም ነገር እዩት። የገጠር ሆስፒታል ነርስ ይርበዋል። ማርኬትን የመሰሉ ትንንሽ ከተሞችም ቤት ለሚሠራ ሰው መሬት በነፃ ሰጥተዋል። ወደ ደቡብ ምዕራብ ያለችው ጋርደን ሲቲ ደግሞ በሥጋ ፋብሪካ ነው የቆመችው። ከሶማሊያም ከእኛም አገር ከበርማም የመጣ ሰው ሞልቶባታል፣ ሥራ አለ። ግን ያ ሁሉ በቆሎና ከብት የሚኖረው ከመሬት በታች ባለው የኦጋላላ ውሃ ነው፤ ውሃውም በየዓመቱ እየወረደ ነው። እኔ ብሆን እዚያ ሁለት ክረምት ተከራይቼ እኖር ነበር እንጂ አልገዛም።

ልጁ መኪና ውስጥ ተከራከረኝ። «ጋሼ፣ ድሮ ኦሮራን የገዙትም እብድ ተብለው ነበር፤ ዛሬ ሚሊየነር ናቸው» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ኦሮራ አጠገቧ ኤርፖርት፣ መሃሏ ትልቅ ሆስፒታል፣ ዙሪያዋን መጋዘን ነበራት። ሰው የሚመጣው ለሥራ ነው፣ ቤት የሚፈልገው ከመጣ በኋላ ነው። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ወደ ውጭ ያይ ነበር።

ኒቆዲሞስ ስንደርስ ነፋስ ብቻ ነበር። ከ1996 ጀምሮ ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ናት። አምስት አሮጌ ሕንፃ ቆሟል፤ አዳራሹን፣ ሁለቱን ቤተ ክርስቲያን፣ ሆቴሉንና ትምህርት ቤቱን ዞረን አየን። በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻ ከየግዛቱ የተበተኑት የልጅ ልጆች ይመጣሉ፤ ይበላል፣ ይጨፈራል፣ በሰኞው ከተማዋ ጭር ትላለች። የአካባቢው ጥቁር ገበሬዎች ጤፍ እንደዘሩ ስነግረው ልጁ ሳቀ። «እንግዲያው እዚሁ ልግዛ» አለ።

አልገዛም። ሚስቱ ኦሮራ በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ግን ከነብራስካ የ12 ሺህ ዶላር ቤት ፎቶ ላከልኝ። «ትምህርት ቤት አላት?» ብዬ ጻፍኩለት። አንብቦታል፣ እስካሁን አልመለሰም።