ሦስት ቁራጭ ሁሉ ሲሶ አይደለም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ሳቢያን ሰፈር ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ከሰዓት ሱቁን ዘግተን ሙቀቱ እስኪበርድ በስልኬ ስታትስቲክስ በኦንላይን እማራለሁ። አንዲት ጥያቄ ሦስት ቀን አስቀመጠችኝ፦ «አንድ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው?» መጀመሪያ ላይ ዘውድ ከወጣ አለቀ፣ ሁለተኛውን ማየት አያስፈልግም። ጎፈር ከሆነ ሁለተኛው ወይ ዘውድ ነው ወይ ጎፈር። በጠቅላላው ሦስት፣ ሁለቱ ይሆኑኛል። 2/3 ብዬ ስሞላ ቀይ ምልክት! መልሱ 3/4 ነው ይላል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይነግረኝም። የት ላይ ነው የሳትኩት?
(ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የድሬ ልጅ ሆነህ «እንደምን ከረሙ» ማለትህ ከጥያቄው በላይ አስገርሞኛል። አቦ፣ አንተ በለኝ!

ስህተትህ የሰነፍ ስህተት አይደለም። ዳላምቤር የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1754 በታተመው የኢንሳይክሎፔዲ (የፈረንሳዮች ትልቅ መዝገበ ዕውቀት) ቅጽ ላይ ልክ እንዳንተ አስቦ 2/3 ብሎ ጽፏል።

ሦስት ብለህ መቁጠርህ ልክ ነው፤ እኩል ናቸው ማለትህ ነው ያሳተህ። አንድ እንጀራ መሃል ለመሃል ቁረጥና አንዱን ግማሽ እንደገና ለሁለት ክፈለው። ሦስት ቁራጭ ሆነ። ግን ትንሹ የደረሰው ሰው ሲሶዬን አገኘሁ ይላል? «መጀመሪያ ዘውድ» ያልከው ትልቁ ቁራጭ ነው፣ 1/2። «ጎፈር ከዚያ ዘውድ» 1/4፣ «ጎፈር ጎፈር» 1/4። 1/2 እና 1/4 ሲደመር 3/4።

«ቢያንስ» የሚል ጥያቄ ሲመጣብህ ደግሞ ከጀርባው ግባ፦ አንዴም ዘውድ የማይወጣበትን ፈልግ። 1/2 ሲባዛ በ1/2፣ 1/4። ከ1 ቀንሰው።

ትናንት ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሻዬን ይዤ ሁለት ሁለቴ እያደረግሁ 40 ዙር ወረወርኩ። ዘውድ ጭራሽ ያልታየበት 11 ዙር ሆነ። በእኔ ስሌት ወደ 10፣ ባንተ ወደ 13 መሆን ነበረበት፤ ሳንቲሙ መሃል ገብቶ አላገጠብን። 40 ለዳኝነት አይበቃም። ደንበኛ ሲጠፋ 400 ዙር ሞክረውና ወደ 100 ይጠጋ እንደሆን ወይ ወደ 133 ተመልከት።

ለሌላ ሰውም ስትጠይቅ እንዳሁኑ ሐሳብህን አብረህ ጻፍ። 2/3 ብቻ ብለህ ብትልክልኝ እንጀራው ትዝ አይለኝም ነበር። ለሦስት ውርወራ ባንተ አቆጣጠር 3/4 ይመጣል፣ ትክክለኛው 7/8 ነው። እሱን አንተ ቆርሰህ አሳየኝ።