ዲሌይ፦ አናሎግ፣ ዲጂታል ወይስ ቴፕ?

ጥያቄ፦ ጊታር እጫወታለሁ። ዲሌይ ፔዳል፣ ማለትም የመታሁትን ድምፅ ትንሽ ቆይቶ እንደ ማሚቶ የሚደግመውን መሣሪያ፣ ልገዛ ነው። ግማሹ አናሎግ ይለኛል፣ ግማሹ ዲጂታል፤ ቴፕን የሚያመልኩም አሉ። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ እኔን ከጠየቅከኝ አናሎግ። ድምፁ ፔዳሉ ቺፕ ውስጥ ከአንዱ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ክፍል) ወደ ሌላው እየተቀባበለ ስለሚያልፍ፣ ማሚቶው በተደጋገመ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ እየተሸረፈ ይሄዳል። ጉድለት ይመስላል እንጂ ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው፤ የደበዘዘ ማሚቶ አዲስ የምትመታውን ኖታ አይጋፋም። ሶሎ ላይ ሞክረውና ታየዋለህ። ችግሩ ማሚቶው የሚዘገይበት ጊዜ አጭር ነው። በ1981 የወጣው ቦስ ዲኤም-2 የተባለው አናሎግ ፔዳል ከ300 ሚሊሰከንድ ብዙም አያልፍም።

ቴፕ፣ እንደ ሮላንድ ስፔስ ኤኮ ያለው ማለቴ ነው፣ ድምፁን ማግኔት ቴፕ ላይ ቀድቶ ያጫውታል። የቴፑ ፍጥነት ትንሽ ስለሚዋዥቅ ማሚቶውም ይወዛወዛል። በጣም ያምራል! ግን ቴፑ ያልቃል፣ ድምፁን ከቴፑ የሚያነበው ሄድ መጽዳት አለበት፣ ተሸክሞ መዞሩም ፈተና ነው። ስቱዲዮ ከሌለህ ይቅርብህ።

ዲጂታል የመታኸውን ያንኑ ይመልስልሃል። «ቀዝቃዛ ነው» የሚሉት ነገር ብዙም አይዋጥልኝም፤ ቶን ማዞሪያ ያለውን ከገዛህ ዝቅ ስታደርገው ይለዝባል። ማሚቶውን ከምቱ ጋር ልክ ማስገጠም ካማረህ እሱን ያዝ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 60,000ን ለቴምፖው (በደቂቃ ለሚመታው የምት ብዛት) አካፍል። ቴምፖው 120 ከሆነ 500 ሚሊሰከንድ ይመጣል። ሩቡን ቀንሰህ 375 ላይ አድርገውና ስምንተኛ ኖታዎችን (በአንድ ምት ሁለት) ምታ፤ ሁለት ጊታር ይመስላል።

የትኛውንም ብትገዛ ከዲስቶርሽኑ (ድምፁን ከሚያሻክረው ፔዳል) በኋላ ሰካው። ከፊት ከሆነ ማሚቶው ሁሉ ይጨማለቃል።