ባዶ እጅ የተመለሳችሁበት ቀን ደብተሩ ላይ አለ ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይህ ነው፦ ጅማ ያላችሁ የማጥመድ ወዳጆች ከግልገል ግቤ ግድብ ሐይቅ ያወጣችሁትን ዓሣ ሦስት ዓመት በደብተር ጽፋችኋል፣ ኪሎው በየዓመቱ ጨምሯል፣ ታዲያ ዓሣው በዛ ማለት ይቻላል ወይ? ከኪሎው ብቻ አይቻልም። ደብተሩ ግን ዋጋ አለው፣ እንዳትጥሉት።

1. ኪሎውን ተዉና የማጥመጃ ዘንግ ሰዓት ቁጠሩ። ሦስት ሰው እያንዳንዱ አንድ ዘንግ ይዞ አራት ሰዓት ከቆየ 12 የዘንግ ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ 20 ጊዜ ወጥታችሁ 180 ዓሣ ይዛችኋል እንበል፤ 240 የዘንግ ሰዓት ስለሆነ በሰዓት 0.75 ይደርሳል። በሦስተኛው ዓመት 40 ጊዜ፣ በአራት ዘንግ፣ አምስት አምስት ሰዓት ቆይታችሁ 320 ብታወጡ በሰዓት 0.4 ብቻ ነው። የበዛው ዘንጉ ነው እንጂ ዓሣው አይደለም። የወሩን ዓሣ በሙሉ ለወሩ ሰዓት በሙሉ አካፍሉ። የየጉዞውን ውጤት ለየብቻ አውጥታችሁ አማካይ ከወሰዳችሁ፣ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ሁለት የያዘ ሰው «በሰዓት ስድስት» ሆኖ ይገባና ስሌቱን ያበላሻል።

2. ባዶ ቀን። ትልቁ ጥፋት እዚህ ነው። ምንም ያልተያዘበትን ቀን ማንም መጻፍ አይወድም፣ «ምን አለና?» ይባላል። እያንዳንዳቸው 12 የዘንግ ሰዓት የፈጁ 10 ጉዞዎች 36 ዓሣ ካመጡ በሰዓት 0.3 ነው፤ ከአሥሩ አራቱ ባዶ ሆነው ሳይጻፉ ከቀሩ ግን 0.5 ይሆናል። ዓሣ ሲመናመን የሚበዛው ደግሞ ባዶ ቀን ነው። ያንን የጣለ ደብተር መመናመኑን ራሱን ይደብቃል። ላለፉት ዓመታት የመኪና ኪራይና የነዳጅ ደረሰኝ፣ የቡድኑ የስልክ መልእክት ፈልጉ፤ የወጣችሁበት ቀን ከዚያ ይገኛል። ሐይቁ ላይ የቆያችሁበት ሰዓት ካልታወቀ ግን አትገምቱ፣ ያንን ወር ከስሌቱ አውጡት።

3. ሰዓቱንና ቀኑን በአንድ አቆጣጠር ጻፉ። አንዱ «1 ሰዓት ጀመርን» ሲል ሌላው ከስልኩ «7» ብሎ ይገለብጣል፣ የስድስት ሰዓት ስሕተት ይገባል። ጥቅምትን ኦክቶበር ብሎ የሚጽፍም አይጠፋም።

ወሩ የሚያስፈልገው በውኃው ምክንያት ነው። የግድቡ ሐይቅ በክረምት ይሞላል፣ ከዚያ ለመብራት እየተለቀቀ እስከ ክረምቱ መግቢያ ይቀንሳል። ውኃው ሲያንስ ያው ዓሣ በጠባብ ቦታ ይታጨቃል፣ መንጠቆም ቶሎ ያገኘዋል። ስለዚህ ግንቦትን ከግንቦት እንጂ ከኅዳር ጋር አታወዳድሩ። አምባዛም ዝናብ ሲጀምር ለመራባት ውኃ ወደሸፈነው ሣር ዳር ይወጣል፤ እዚያ ብቻ ካጠመዳችሁ ሐይቁ ውስጥ ግማሹ ቢያልቅ እንኳ የምትይዙት አይቀንስም። በካናዳ ምሥራቅ ዳርቻ የኮድ ዓሣ ሲያልቅ የትልልቅ ጀልባዎች ምርት በሰዓት ብዙም አልወረደም ነበር፣ የቀረው ዓሣ ተሰብስቦ ጀልባዎቹ ያለበትን ያገኙ ነበርና፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ማጥመዱ ታገደ። እናንተም ሦስት ቋሚ ቦታ ምረጡ፣ አንዱ ዓሣ የማይበዛበት ይሁን። የሌላ ውኃ፣ የቦዬ ረግረግን ወይም የጎጀብ ወንዝን ዓሣ በዚሁ ገጽ አትቀላቅሉ።

ርዝመት ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራት ጫፍ በሴንቲሜትር ይለካ። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ጅራቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ልዩነት የለውም፤ ባርበስና ካርፕ ግን ጅራታቸው ሹካ ነው፣ አንዱ እስከ ሹካው መሐል ሌላው እስከ ጫፉ ከለካ መዝገቡ ይበላሻል። የመጀመሪያዎቹን 30 ለኩ እንጂ ትልልቁን አትምረጡ። የለቀቃችሁትም ይቆጠር። የመንጠቆ ቁጥርና ማጥመጃ ምግብ ይጻፍ፤ ከ6 ቁጥር ወደ 12፣ ማለትም ወደ ትንሽ መንጠቆ፣ ከቀየራችሁ ትንንሽ ዓሣ በድንገት ይበዛል፣ ተራባ ማለት አይደለም። ለመቀየር ከተገደዳችሁ ለአሥር ጉዞ ሁለቱን ጎን ለጎን ተጠቀሙ።

ደብተሩን ለመሥሪያ ቤት ስትሰጡ ፎቶኮፒ ስጡ። ኪሎውን ብቻ ገልብጦ «ሌላው አያስፈልግም» የሚል ሠራተኛ አለ፣ ዋናው ደብተር እዚያ ከቀረ አይመለስም። ሐይቁ ዳር በእርሳስ ጻፉ፣ አንዳንድ የእስክሪብቶ ቀለም ውኃ ሲነካው ይፈሳል።