«ባክአፑ አልተሳካም» ብቻ ብሎ ዝም ለሚል ስክሪፕት

እህቴ፣ ጥያቄሽን እንደተረዳሁት ከጀማሪዎች መማሪያ ወስደሽ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍሽው ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) የትምህርት ፋይሎችሽን በዚፕ ጠቅልሎ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ አድርጎ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ነበረበት። ዊንዶውስ ላይ ስታስኬጂው ግን «ባክአፑ አልተሳካም» ከማለት በቀር ምንም አይናገርም። ኮዱን ከመማሪያው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክረሽ ልዩነት አጣሽበት።

ያ መልእክት እኮ የኮምፒውተሩ አይደለም፤ ራስሽ የጻፍሽው ነው። ስክሪፕቱ «ዚፕ» የሚል ትዕዛዝ ይልካል፤ ዜሮ ሲመለስለት «ተሳካ»፣ ሌላ ቁጥር ሲመለስለት «አልተሳካም» ይላል። ምክንያቱን አይጠይቅም። ስለዚህ ምንም ነገር ከማስተካከልሽ በፊት ትዕዛዙ ከሚላክበት መስመር በላይ ትዕዛዙን ራሱን በፕሪንት አውጪው። የወጣውን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጠሽ የትዕዛዝ መስኮቱ ላይ ለጥፊና አስኪጂው። ያገዝኳቸው ጀማሪዎች አብዛኞቹ መልሱን ያገኙት እዚህ ላይ ነው።

የምትጠቀሚው ዊንዶውስ ስለሆነ «ዚፕ የሚባል ትዕዛዝ አላውቅም» የሚል መልስ እንደሚመጣልሽ እጠረጥራለሁ። መማሪያው የተጻፈው ይህ ትዕዛዝ ላለው ኮምፒውተር ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ግን አብሮ አይመጣም። ሊኑክስ በተባለው ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ተመሳሳይ ነገር ገጥሟችሁ 32512 የሚል እንግዳ ቁጥር የተመለሰላችሁም አትደንግጡ፤ 127 በ256 ተባዝቶ ነው፣ 127 ደግሞ «ትዕዛዙ አልተገኘም» ማለት ነው። አንዳንዶች የዚፕ ፕሮግራም አውርደሽ ጫኚ ይሉሽ ይሆናል። እኔ አልመክርም። ፓይተን ውስጥ ሹቲል የሚባል ሞጁል (አብሮ የሚመጣ ዝግጁ ኮድ) አለ፤ «ሜክ አርካይቭ» የተባለው ተግባሩ ምንም ሳይጫን በአንድ መስመር ይጠቀልልሻል። የፋይሉን ስም ስትሰጪው ግን መጨረሻው ላይ ዚፕ ብለሽ አትጨምሪ፤ እርሱ ራሱ ስለሚጨምር ሁለት ጊዜ ዚፕ የተጻፈበት ፋይል ታገኛለሽ።

ይህን ቀይረሽም እምቢ ካለ ጥፋቱ ከፎልደሩ አድራሻ ሊሆን ይችላል። ፓይተን ባክስላሽን (\) ተከትሎ ትንሿ ኤን ስትመጣ «አዲስ መስመር ጀምር» ብሎ ያነበዋል። ፍላሽሽ ላይ ያለው ፎልደር በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት «ኖትስ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ያወጣሽው ፕሪንት ላይ አድራሻው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ኤኗ ጠፍታ፣ የቀረው ስም ከታች ባለው መስመር ተጥሎ ታዪዋለሽ። ከትእምርተ ጥቅሱ በፊት ትንሿን አር አስቀምጪ፣ ወይም ባክስላሹን ትተሽ ወደ ፊት ባዘነበለው ሰረዝ (/) ጻፊ፤ ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ሁለቱንም ይቀበላል። የፍላሹንም ፊደል ተመልከቺ። ትናንት ኢ የነበረው ፍላሽ ዛሬ ሌላ ፍላሽ ስለተሰካ ብቻ ኤፍ ሊሆን ይችላል።

የፋይሉ ስም ላይ ሰዓት ካስገባሽ ሰዓትና ደቂቃን በሁለት ነጥብ (:) አትለዪ፤ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይፈቅደውም። ቀንና ሰዓት በሚጻፍበት ኮድ ውስጥ ትንሿ ኤም ወር፣ ትልቋ ኤም ደቂቃ መሆኗንም አስታውሺ። ሁለቱ ከተለዋወጡ ስክሪፕቱ ምንም ሳያጉረመርም 47ኛው ወር ላይ የተሠራ ባክአፕ ያስቀምጥልሻል።

እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን ለይተው የሚያገኙ ሁለት ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው መልእክቶችሽን በአማርኛ መጻፍሽ ነው፤ ጥሩ ነው፣ አትተዪው። መስኮቱ ላይ በደህና የሠራ ስክሪፕት ግን ውጤቱን ወደ መዝገብ ፋይል ሲልክ ዊንዶውስ የግእዝ ፊደል የማያውቅ የቆየ ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ቁጥር የመቀየሪያ ስልት) ሊሰጠው ይችላል፤ ያን ጊዜ አንዲት የአማርኛ ቃል ሥራውን ሁሉ ታስቆመዋለች። መዝገቡን ስክሪፕቱ ራሱ እንዲከፍተው አድርጊ፣ ሲከፍትም ኢንኮዲንጉ የግእዝ ፊደል የሚያውቀው ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ግለጪለት። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። የአንድ ቢሮ ባክአፕ በየቀኑ «ማታ 2 ሰዓት» እንዲሠራ ተብሎ ተቀጥሮ አንድም ፋይል አልተገኘበትም ነበር። ሥራን በቀጠሮ በሚያስጀምረው የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ በታስክ ስኬጁለር፣ ላይ የተጻፈው 2 ቁጥር ለኮምፒውተሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ቢሮው ውስጥ የበራ ኮምፒውተር አልነበረም። የእኛ ማታ 2 ሰዓት እዚያ 20 ተብሎ ይጻፋል።

መብራት የሚጠፋበት አካባቢ ካለሽ ደግሞ ይህን ጨምሪ። የዚፕ ፋይል ማውጫ (የይዘቱ ዝርዝር) የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ መሀል ላይ የተቋረጠ ዚፕ መጠኑ ትልቅ ቢሆንም እንኳ በተለመደው መንገድ አይከፈትም። በጊዜያዊ ስም ይጠቅልል፣ ሲጨርስ ስሙን ይቀይር። ዚፕፋይል በተባለው ሞጁል ውስጥ ያለው «ቴስትዚፕ» ይዘቱን አንብቦ የተበላሸ ካለ ይነግርሻል። እኔ ከዚያም አልፌ አንዱን ፋይል አውጥቼ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።

አሁን ፕሪንቱ ያወጣውን መስመርና የተከተለውን የስህተት ጽሑፍ ሙሉውን እዚህ ለጥፊልን። በስልክ የተነሣ ፎቶ ሳይሆን ጽሑፉን ራሱን። አድራሻው ውስጥ ስምሽ ካለ በሌላ ቃል ተኪው።