ከ80ኛው ደቂቃ በኋላ

ጥያቄ፦ የኮሌጃችን ቡድን እዚሁ ጅማ፣ ዝናብ ባረጠበው ሜዳ፣ እስከ 85ኛው ደቂቃ 1 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 2 ለ 1 ተሸነፈ። አሰልጣኙ በ80ኛው ደቂቃ ፈጣኑን አጥቂ በተከላካይ ቀየሩ፤ በኋላም ተጫዋች ሲጎዳብን ሁለት ቅያሪ እያለን በ10 ሰው ጨረስን። ቡና በተፈላ ቁጥር የምንከራከረው በዚሁ ነው። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?
አንባቢ፣ ከጅማ

መልስ፦ አጥቂው ዝሎ ከነበረ መውጣቱ አያስወቅስም፤ ነገር ግን ከጀርባቸው የሚሮጥባቸው ሰው ሲጠፋ የተጋጣሚ ተከላካዮች ያለ ስጋት ወደ ፊት ይወጣሉ፣ ኳሱም እየተመላለሰ እናንተው ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። በ1999 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ 1 ለ 0 ይመራ የነበረው ባየርን ሙኒክ ሎታር ማቴዎስን በ80ኛው ደቂቃ ካስወጣ በኋላ፣ ተቀይረው የገቡት ሼሪንግሃምና ሶልሻየር በባከነ ሰዓት ባስቆጠሯቸው ግቦች በማንቸስተር ዩናይትድ ተሸንፏል። ማቴዎስም ደክሞት ነበርና በዚህ ብቻ መፍረድ ይከብዳል።

ለእኛ የከበደው ሁለተኛው፣ ቅያሪ እያላችሁ በ10 ሰው መጨረሳችሁ ነው። ውድድራችሁ አምስት ቅያሪ በሦስት ዕድል ብቻ (ማለትም ጨዋታው ለቅያሪ በሚቆምባቸው ሦስት ጊዜያት) የሚፈቅደውን ደንብ የሚከተል ከሆነ፣ አሰልጣኙ ሦስቱን ዕድል ለሦስት ሰው አንድ በአንድ ጨርሰውታል ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ወይም ከዕድሉ በማይቆጠረው በእረፍት ሰዓት ቢቀይሩ ኖሮ፣ ለተጎዳው ተጫዋች ምትክ ማስገባት ይችሉ ነበር።