ዕጢው ያደገው ካንሰሩ ገፍቶ ነው ወይስ መከላከያ ሴሎች ገብተውበት?

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ የሳንባ ካንሰር ታሞ በውጭ አገር ፔምብሮሊዙማብ የተባለውን የኢሚዩኖቴራፒ መድኃኒት ጀምሯል። በቅርቡ የተነሳው ሲቲ ስካን ዕጢው ማደጉን ቢያሳይም ሳሉ ቀንሶለታል፣ የምግብ ፍላጎቱም ተመልሷል። ሐኪሙ «መከላከያ ሴሎች ተሰብስበውበት አብጦ ሊሆን ይችላል» አሉን። እነዚህን ሴሎች ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ የለም? መድኃኒቱንስ እናቁም?
(ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወንድምዎን ይማርልዎ። ሐኪሙ ያሉት በእርግጥ የሚያጋጥም ነገር ነው። ፔምብሮሊዙማብ እንደ ኬሞቴራፒ የካንሰሩን ሴል በቀጥታ አይገድልም፤ ካንሰሩ ፒዲ 1 በተባለው ፕሮቲን በኩል ቲ ሴሎች የተባሉትን መከላከያ ሴሎች የሚያደነዝዝበትን መንገድ ዘግቶ፣ ሴሎቹ ራሳቸው ዕጢውን እንዲያጠቁ ያደርጋል። በብዛት ሲገቡበት ዕጢው ለጊዜው ሊያብጥ ይችላል፤ ሲቲ ስካን ደግሞ መጠኑን እንጂ ያበጠበትን ምክንያት አይለይም። የተለመደው ፔት ስካንም የሚከታተለው ስኳር በብዛት የሚጠቀሙ ሴሎችን ስለሆነ፣ ካንሰሩም የነቃው ቲ ሴልም ሊያበሩበት ይችላሉ።

የጠየቁት ምርመራ አለ፤ ነገር ግን ገና በምርምር ላይ ነው። ሲዲ 8 የተባለውን የገዳይ ቲ ሴሎች መለያ ፈልጎ የሚጣበቅ ትንሽ የአንቲቦዲ (የፀረ እንግዳ አካል) ቁራጭ ላይ ዚርኮኒየም 89 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተያይዞ በደም ሥር ይሰጣል። የዚርኮኒየሙ ጨረር በግማሽ የሚቀንሰው በ78 ሰዓት ገደማ በመሆኑ፣ ቁራጩ ሴሎቹን እስኪያገኝና ትርፉ ከደም እስኪጠራ ይቆያል፤ በማግስቱ በፔት ካሜራ ሲነሳም ሴሎቹ በየትኛው ዕጢ እንደተከማቹ ይታያል። ጣፊያና የሊምፍ ዕጢዎች በተፈጥሯቸው እነዚህን ሴሎች ስለሚይዙ ያለ ካንሰርም ያበራሉ፤ አነባበቡ ልምድ ይጠይቃል። የናሙና መርፌ ከአንድ ዕጢ አንዲት ቅንጣት ብቻ ስለሚያወጣ፣ መላ አካልን በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ይህ ዘዴ ትልቅ ተስፋ እንዳለው አምናለሁ፤ ይሁንና በመደበኛ ሕክምና የሚታዘዝ አይደለምና እሱን ፍለጋ ገንዘብ አታውጡ።

መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ የምስል ንባብ መመሪያ እንዲህ ያለው ዕድገት ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ በድጋሚ ምስል እንዲረጋገጥ ይመክራል፤ የወንድምዎ መሻሻልም ለመጠበቅ በቂ ምክንያት ይሆናል። ሆኖም በአብዛኛው ዕጢ ሲያድግ ካንሰሩ በእርግጥ ገፍቶ ነውና ድጋሚው ምርመራ ፈጽሞ እንዳይቀር። እዚያው ሐዋሳ ብታስነሱት ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን የቀድሞዎቹ ምስሎች ያሉበትን ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ፤ ራዲዮሎጂስቱ ለክቶ የሚያነጻጽረው ከምስሉ ነው። አዲስ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የማያቋርጥ ተቅማጥ ከመጣ ግን መከላከያ ሴሎቹ ጤነኛ አካልን እያጠቁ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷቸው፤ የመድኃኒቱንም ስም ለተረኛው ሐኪም ንገሩ።